«ተመስገን» ከሒሳቡ ቀጥሎ ይምጣ

ጀማሪ ኩባንያ የሚመራ ሰው «ሥራ እንዴት ነው?» ሲባል መልሱን አያስብበትም፤ «ተመስገን!» ይላል። ገንዘቡ ሊያልቅ ሁለት ወር ቢቀረውም ተመስገን ነው፤ ትልቁ ደንበኛ ትናንት ውሉን ቢያቋርጥም ተመስገን ነው። ቃሉ ክቡር ነው። ጠያቂን ለመሸኘት ሲውል ግን መጋረጃ ይሆናል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን አብሮ መሥራቹም፣ ሠራተኛውም፣ የትዳር አጋሩም አያውቁም።

«ምስጋና መንፈስን ያበረታል» የሚለው ምክር በየሥራ ፈጠራ ሥልጠናው ይሰማል። ምክሩ ትክክል ነው፤ የሚጎድለው አደራረጉ ነው። በደፈናው የሚባል ምስጋና ለመሥራች ብዙ አይረባም። የሚረባው እንደ ደረሰኝ ዝርዝር ያለው፣ ማን ምን እንዳደረገ የሚናገረው ነው። እሱም ቢሆን ከገንዘብ ሒሳቡ መቅደም የለበትም።

ለሒሳቡም ለምስጋናውም አንድ ደብተር ይያዝ፤ በየሳምንቱ ዓርብ ከሥራ መውጫ ላይ 20 ደቂቃ ይበቃል። በደብተሩ ገጽ አናት የሚጻፈው አንድ ቁጥር ነው፦ ባለን ገንዘብ ስንት ወር እንቆያለን? ባንክ ያለው 900,000 ብር፣ የወር ወጪው 160,000፣ በእርግጥ የሚገባው 60,000 ነው እንበል። በየወሩ 100,000 ይጎድላል፤ ዘጠኝ ወር አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛው አሠሪው በደመወዝ ላይ የሚጨምረው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ነው፤ ደመወዙ 100,000 ከሆነ መዋጮው 11,000 ነው። ሁለተኛው ከደንበኛ የተሰበሰበው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ ባንክ ውስጥ ስለተኛ ብቻ የድርጅቱ ይመስላል። መዋጮው በወር ወጪው ላይ ሲደመር፣ ከ900,000ው ውስጥም 90,000ው የታክስ ሆኖ ሲቀነስ ዘጠኙ ወር ወደ ሰባት ይወርዳል።

ቁጥሩ የሚቀድመው ልብ ከሞቀ በኋላ የሚሠራ ሒሳብ ስለሚለሰልስ ነው፤ «ሰኞ እንከፍላለን» ያለው ደንበኛ ሁሉ እንደ ገቢ ይቆጠራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለሰርቨር በወር 100 ዶላር ይከፍል የነበረ ድርጅት ወጪው ከ5,700 ብር ወደ 10,000 ዘለለ። በዚያ ሳምንት መሥራቹን የሚያድነው ውል መከለስና ዋጋ ማስተካከል ነበር። ምስጋናው ያን ሥራ በተረጋጋ መንፈስ ለመሥራት ያግዘዋል፤ ሥራውን ግን አይተካለትም።

ከቁጥሩ በታች ሦስት መስመር ይጻፋል። እያንዳንዱ መስመር የሰው ስም ወይም የተወሰነ ክስተት፣ ከዚያ «ምክንያቱም» የሚል ቃል ይኑረው። «ቡድናችን ጥሩ ስለሆነ» የሚል መስመር ተሰርዞ እንደገና ይጻፍ። «ማክሰኞ ክፍያው ሲቋረጥ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዋ ለ14 ሰው ደውላ አረጋጋች፤ ምክንያቱም የስልክ ዝርዝሩን ባለፈው ወር አስተካክላ ነበር» የሚለው ግን ይዞት የመጣው ትምህርት አለ፦ ዝርዝሩ ባይስተካከል ምን ይፈጠር እንደነበር ያሳያል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርቲን ሴሊግማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ሦስት መልካም ነገር ከነምክንያቱ ይጽፉ ነበር፤ የደስታ ስሜታቸው ከስድስት ወር በኋላም ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

በየቀኑ ይጻፍ የሚሉ አሉ። ለመሥራች አይመከርም፤ በሦስተኛው ሳምንት «ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሥራ» የሚል ግልባጭ ይሆናል። ሌላዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሶንያ ሊዩቦሚርስኪ በሠራችው የስድስት ሳምንት ሙከራም ለውጥ የታየው በሳምንት አንዴ በጻፉት ላይ ነው፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ በጻፉት ላይ አልታየም። ከዚህ ሁሉ ተአምር መጠበቅም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ፣ 27 ጥናቶችን የመረመረ ትንተና ምስጋና በድብርትና በጭንቀት ላይ ያለው ውጤት አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብ ካልተበላ፣ ጠዋት መነሣት ከከበደ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው።

ምንም የሚጻፍ የማይገኝበት ዓርብም አለ፤ ያኔ ነገሩን መገልበጥ ይረዳል። «ምን ተገኘ?» በማለት ፋንታ «ያ ባይሆን ኖሮስ?» ይባላል። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ያን ቀን ስልክ ባታነሣስ? ሸሪኬን ያን ሴሚስተር ባላገኘውስ? እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የሚንክዩንግ ኩና የባልደረቦቿ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ መልካም ነገር ሳይሆን ሊቀር ይችል እንደነበር የጻፉ ሰዎች፣ እንዴት እንደሆነ ከጻፉት ይልቅ መንፈሳቸው ተነቃቅቷል።

ደብተር ውስጥ የቀረ ምስጋና ግማሽ ነው። ከሦስቱ መስመሮች አንዱ በዚያው ምሽት ለተመሰገነው ሰው ይድረስ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ያለው የቴሌግራም መልእክት ይበቃል፦ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንዳስቀረልን ወይም እንዳስገኘልን፣ እና ምስጋናው። አራተኛ ዓረፍተ ነገር ተጨምሮ «በዚያው…» ብሎ ሌላ ሥራ ማዘዝ ሁሉንም ያበላሻል። «ያፍርብኝ ይሆን? መሸንገል ይመስልብኝ ይሆን?» የሚለው ይሉኝታም ከልክ በላይ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ኩማርና ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት የምስጋና መልእክት ላኪዎች የተቀባዩን መሸማቀቅ ያጋንናሉ፣ ደስታውን ደግሞ ያሳንሳሉ።

እኛ ዘንድ ትልቁ አደጋ ምስጋና ከውለታ ጋር ሲቀላቀል ነው። የመጀመሪያው 300,000 ብር ከአጎት ወይም ከዕቁብ ጓደኛ መጣ። ከዓመት በኋላ የአጎት ልጅ ሒሳብ ሳያውቅ ሒሳብ ያዥ ይሆናል፤ ማንም «ይህ ሥራ ለእሱ አይሆንም» አይልም፤ ውለታ አለባቸዋ! መውጫው ብሩ በተሰጠ ቀን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ብድር ነው፣ ድርሻ ነው ወይስ ስጦታ ብሎ መጻፍና መፈራረም ነው። ብድር ከሆነ መመለሻ ቀኑ፣ ድርሻ ከሆነ መቶኛው ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ምስጋናው ለብቻው፣ ዕዳው ለብቻው ይቆማል፤ አጎትም በበዓል ቀን ሙክት ይዞ የመጣን መሥራች ያለ ሐሳብ ይቀበለዋል።

በደመወዝ ላይም እንዲሁ። ደመወዝ የዘገየበትን ሠራተኛ በስብሰባ ፊት ማመስገን ስድብ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ የሚከፈልበት ቀን ይነገረው፤ ቀኑ ካልታወቀ ያለመታወቁ ይነገረው። ምስጋናው ደመወዙ በገባ ማግስት ቢደርስ ይሰማል።

በበጀት ዓመቱ መዝጊያ፣ ሰኔ 30 ገደማ፣ ሒሳቡ ለባለሙያ ሲሰጥ ደብተሩም ይገለጥ። ሃምሳ ያህል ዓርብ፣ 150 ገደማ መስመር ይኖረዋል። የስሞቹን ድግግሞሽ መቁጠር ነው። አንድ ደንበኛ 40 ጊዜ ከተጻፈ ገቢው በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በሐምሌ ሌላ መፈለግ ይጀመር። ሁልጊዜ እሳት የምታጠፋው አንዲት ሠራተኛ ከሆነች ለእሷ ረዳት መቅጠር ከአዲስ ኮምፒውተር ይቀድማል። ከኅዳር በኋላ ስሙ አንዴም ያልተጻፈ አብሮ መሥራች ካለ ደግሞ ሻይ ይዞ ፊት ለፊት መቀመጥ ነው።