ቀይ ክብ ይለምልም

የማርስ ፎቶ ላይ በር፣ መብራትና ፊት ፈልገው በቀይ ክብ ለሚያሳዩን ዓይናማ መርማሪዎቻችን ዕድሜ ይስጥልን። ሙያቸው ቀላል እንዳይመስላችሁ።

የመጀመሪያው ሕግ ዋናውን ፎቶ አለመንካት ነው። የናሳ የፕላኔቶች መረጃ ማኅደር ፋይሉን በነፃ ይሰጣል፤ አብሮት ባለው መግለጫ ካሜራው፣ ሰዓቱ፣ የፀሐይዋ አቅጣጫ ሳይቀር ተጽፏል። ይህን ሁሉ አንብቦ ማን ይደነግጣል? ስለዚህ ከስልክ ወደ ስልክ ሲንከራተት የከረመ ስክሪንሾት ይመረጣል። ጄፔግ የተባለው የፎቶ ማሳነሻ ዘዴ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል (የፎቶ ነጥብ) ሳጥን እየከፋፈለ ስለሚጨምቅ፣ በተጨመቀ ቁጥር የሳጥኖቹ ጠርዝ ይጎላል። ያንን 800 በመቶ አጉልቶ ኮንትራስቱን እስከ ጥግ መግፋት ነው፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይበቅላል። ከተማ ተገኘ! ቤቱ ሁሉ ልክ 8 ፒክስል፤ የማርስ ማዘጋጃ ቤት እንዴት ጥብቅ ነው ጃል!

መንትያ ካሜራ ግን የሙያው ጠላት ነው። የናሳው የማርስ ተሽከርካሪ የኪዩሪዮሲቲ የአሰሳ ካሜራ ግራና ቀኝ ዓይን አለው። በኤፕሪል 2014 (እ.ኤ.አ.) ቀኙ ዓይን ደማቅ «መብራት» አነሳ፤ ግራው በዚያው ሰከንድ ምንም አላየም። ከህዋ የሚመጣ የኮስሚክ ጨረር የካሜራውን ዳሳሽ ሲመታ እንዲህ ያለ ነጭ ነጥብ በአንዱ ዓይን ብቻ ይቀራል። የትኛው ዓይን እንዳነሳው የፋይሉ ስም ሁለተኛ ፊደል ይናገራል፤ ብልህ መርማሪ ስሙን ቆርጦ ይለጥፋል።

መለኪያ መጻፍም ነውር ነው። በሜይ 2022 የተነሳው «በር» 30 ሳንቲሜትር ገደማ ቁመት፣ 40 ሳንቲሜትር ገደማ ወርድ ያለው የዓለት ስንጥቅ ነው። በደረቱ ተስቦ ለሚገባ እንግዳ ምን ይጎድለዋል?

የሁሉ አባት ግን ያ «የማርስ ፊት» ነው። የናሳ መንኩራኩር ቫይኪንግ 1 ጁላይ 25 ቀን 1976 ያነሳው፣ ፀሐይ ዘቅዝቃ፣ ጥላ ረዝሞ፣ አንዱ ፒክስል 50 ሜትር ገደማ ሸፍኖ ሳለ ነው። በስርጭት የጠፋው መረጃ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነና አንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ሆኖ አረፈ፤ እንዲህ ያለ ቸርነት የት ይገኛል? በ2001 ማርስ ግሎባል ሰርቬየር የተባለው ሌላ የናሳ መንኩራኩር ያንኑ ስፍራ በፒክስል ከ2 ሜትር ባነሰ ጥራት ሲያነሳው ተራ ኮረብታ ወጣ። መርማሪዎቻችን አልደነገጡም፦ ናሳ ፍቆታል አሉ። ያን የሚያህል ኮረብታ በስንት ሠራተኛ እንደተፋቀ የሚያጋልጥ አዲስ ስክሪንሾት በዝግጅት ላይ ነው፤ ቀይ ክቡ ተሥሏል፣ የቀረው ፎቶው ብቻ ነው።