ውዳሴ ለሕንድ ፊልም አልቃሾች

ባለፈው እሑድ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቼ ያየሁትን እንባ ሳላመሰግን ብቀር ንፉግነት ይሆንብኛል። በቴሌቪዥን ለሚያያቸው የሁለት ጠላት አገሮች ፍቅረኞች እንደ ነሐሴ ወንዝ የሚፈስ፣ በራሱ ደጅ ግን ኬላ ዘርግቶ የሚያድር ሰው በየሰፈሩ መኖሩን አንባቢዬ ስለሚያውቅ በቀጥታ ወደ ምስጋናው እገባለሁ።

ፊልሙ ያሽ ቾፕራ እ.ኤ.አ. በ2004 ያዘጋጁት «ቪር-ዛራ» ነበር። የሕንድ አየር ኃይል አብራሪው ቪር የፓኪስታኗን ዛራን ከአደጋ ያድናታል፤ ይዋደዳሉ፤ እርሷን ብሎ ድንበር ሲሻገር በሐሰት ሰላይ ተብሎ ይታሰርና የእርሷን ክብር ለመጠበቅ 22 ዓመት አፉን ዘግቶ ይኖራል።

አቦል ሲቀዳ ፍቅረኞቹ አታሪ ባቡር ጣቢያ ላይ ሊለያዩ ነበርና የቤቱ አባወራ መሐረባቸውን አወጡ። ቤተሰቧ ያጨላት የዛራ እጮኛ ብቅ ሲል መሐረቡ ራሰ፤ ወደ ጋቢያቸው ጫፍ ተሻገሩ። ቶና ሲደርስ ቪር ላሆር እስር ቤት ገብቶ ስለ ነበር የጋቢው ጫፍም አልበቃ ብሎ የባለቤታቸውን ነጠላ ተዋሱ፤ እንባቸው ያረፈበትን ፈንዲሻም «ጨው በዛበት» ብለው መለሱት። በረካ ላይ ፓኪስታናዊቷ ጠበቃ ሳሚያ ለሕንዳዊው እስረኛ ለመሟገት ችሎት ስትቆም፣ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ተባረኪ ልጄ! ድንበር ምንድን ነው? ሃይማኖትስ ምንድን ነው? ሰው ሰው ነው!» ሲሉ መረቋት። እንዲህ ያለ ሰፊ ልብ ያለው ሰው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን መምራት ሲገባው ሶፋ ላይ ተቀምጦ መባከኑ አሳዘነኝ።

ልጃቸው ጊዜው የተመቸ መስሏት መሰለኝ፣ ስኒውን እየሰበሰበች «አባዬ፣ ያ ልጅ ሽማግሌ ልላክ እያለ ነው» አለች። አባወራው ሪሞቱን አንሥተው ፊልሙን አቆሙ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እንዳለ ነበር። «አገሩ የት ነው ያልሽኝ?» ነገረቻቸው። «በእናቱስ?» እርሱንም ነገረቻቸው። ከዚያ የአያቱ፣ የቅድመ አያቱ፣ ቆጠራው ወደ ላይ ሄደ። አባቶቻችን ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ተጋቢው ዘመድ ሆኖ እንዳይገኝ ነበር፤ የእኛ ዘመን ሊቅ ግን ጥበቡን አሻሽለውት ባዕድ ሆኖ እንዳይገኝ ይቆጥሩበታል። አራተኛው ቤት ላይ ወንዝ ተሻገረባቸውና «የእኛ ቤት እንዲህ ያለ አያውቅም» ብለው ፋይሉን ዘጉ። የላሆር ፍርድ ቤት እንኳ ለቪር ጠበቃ ፈቅዶለት ነበር።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁመው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ወዲያና ወዲህ ቀርተዋል፤ ስልክ እንኳ ተቋርጦ፣ እስከ 2010 ዓ.ም. ክረምት ድረስ። መስመሩ ሲከፈት የማያውቁትን ቁጥር እየመቱ ማዶ ያለ ሰው ድምፅ የሰሙና ያለቀሱ ሰዎች ነበሩ። ለእነዚህ የፊልሙ ዘፋኝ የላታ ማንጌሽካር ዘፈን አልተዘፈነላቸውም። ያን ሁሉ ዘመን እነዚያን ቤተሰቦች በጎሪጥ እያየና «ከእነማን ጋር ተጋብተው!» እያለ በየለቅሶ ቤቱ ሲያማ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ቪርን ለሚጫወተው ለሻህ ሩክ ካን የቀለም ሽበት ሲንሰቀሰቅ ማየት ያስጠላል! እንባ እኮ አለው፤ ለጎረቤቱ ነው የነፈገው።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ልጅቷ ስኒዎቹን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ የውኃ ድምፅ እንጂ የስኒ ድምፅ አልተሰማም። አባወራው ፊልሙን ካቆሙበት ቀጠሉ። ቪር ነጻ ወጥቶ ከዛራ ጋር ወደ ዋጋ ድንበር ሲያመራ (ስሙ ራሱ የእኛን ቃል ይመስላል) ነጠላውን እንደ ገና አነሡና ወደ ጓዳው ዞረው ተጣሩ፦

«ነይ እንጂ ልጄ፣ ሊሻገሩ ነው! ይህቺ ታምልጥሽ?»