ያስታረቀን ሚዛኑ ነው

ስለ ድርጅቶች ትብብር ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ድርጅቶችን አብሮ የሚያሠራቸው ጥሩ የመግባቢያ ሰነድ ነው ይላል። እኔ አልስማማም።

መራዊ አካባቢ በአንድ የገበሬዎች መሠረታዊ ማኅበር ሒሳብ እሠራለሁ። ከአባሎቻችን በቆሎ እንሰበስባለን፣ እንደኛ ያሉ ማኅበራት በጋራ ላቋቋሙት ዩኒየን እናስረክባለን። ውላችን ማኅተም አለው፣ ፊርማም አለው። ግን አንድ ዓመት እኛ ጋ 100 ኪሎ የመዘንነው ጆንያ እነሱ ጋ ሲደርስ 97 ሆነ። እነሱ እኛን ጠረጠሩ፣ እኛም እነሱን። ገበሬው ደግሞ ሁለታችንንም! በቆሎ ሲደርቅ ክብደቱ እንደሚቀንስ በዚያ ንዴት ማን ያስብ? ክፍያውም ዘገየ። አባሎቻችን እህሉን ለነጋዴ መስጠት ጀመሩ። አልፈርድባቸውም፤ ነጋዴው ብሩን እዚያው ይቆጥርላቸዋል።

በሚቀጥለው ዓመት የዩኒየኑ የመጋዘን ሠራተኛ እኛ ዘንድ መጥቶ አብሮን መዘነ። እርጥበቱን በመሣሪያ ለካ። ቁጥሩን ገበሬው ፊት ጮክ ብሎ አነበበ፣ በሁለቱም መዝገብ ጻፍነው። አንድ ሽማግሌ አባላችን «አሁን ገና ወንፈል ሆነ» አሉ። እውነታቸውን ነው። በወንፈል ዛሬ የእኔን ካጨድክልኝ ነገ ያንተን እንደማጭድ ታውቃለህ፤ ወረቀት የሚጠይቅ የለም።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ሚዛን ላይ አብሮ ስለመቆምም ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።