ጥፊ ይለምልም!

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ገጽ ደብዳቤ ለማውጣት አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ኪቦርድ ሲገረፍ አየሁ። አልደነገጥኩም። እናንተም ብትሆኑ አትደነግጡም። ቲቪ በቡጢ፣ ሬድዮ በጥፊ፣ ሪሞት ጭን ላይ እየተመታ ነው ያደግነው። እኛ ዘንድ የማይሠራ ዕቃ የለም፤ ያልተቀጣ ዕቃ ነው ያለው። ለዚህ ጥበብ ሐውልት ይቁም የሚል ሰው ቢመጣ መዋጮ እከፍላለሁ።

ኪቦርዱ ገመድ አልባ ነው። ባለሙያችን (እጁ ይባረክ) ስሜን ከነአባቴ ይጽፋል። አባቴ በላይ ይባላል። የመጨረሻዋ «ይ» መንገድ ላይ ቀረችና ስክሪኑ ላይ «በላ» ተባለ። እንዲህ ባለ ቦታ «በላ» ተብሎ መመዝገብ ደግ አይደለም። «‹ይ› ትቀራለች» አልኩት። ደገመው። አሁን ደግሞ «በላይይይይይይይ» ሆነና ቁጭ አለ፣ ልክ እንደ ለቅሶ። ሲግናል ሲደክም አመሉ ይኸው ነው። አንዱን ፊደል ይውጣል፣ ሌላውን አልለቅም ይላል። «ጣቱ ተነሥቷል» የሚለው መልእክት ሳይደርስ ይቀራላ።

ከዚያ ሥርዓቱ ተጀመረ። ጥፊ አንድ። ጥፊ ሁለት። ጥፊ ሦስት። እምቢ ሲል ኪቦርዱ ተገለበጠና ሁለቱ ድንጋዮች ወጡ። በመዳፍ ታሹ። እፍ ተባለባቸው። የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ ተዛወረ፤ ዝውውር ሠራተኛ ያነቃል ይባል የለ። አሁንም እምቢ። ያኔ ባለሙያችን አንዱን ድንጋይ አፉ ከተተና በመንጋጋው ነከሰው። አያቴን አስታወሰኝ። የእሳቸውስ እውነት ነበረው፤ የድሮ ድንጋይ አርፎ ፀሐይ ሲሞቀው ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ለአንድ ዜና ይበቃል። ይኼ ግን አልካላይን ነው፤ ውስጡ ያለው ነገር ቢፈስ አፍ ያቃጥላል። ዝም አልኩ። ደብዳቤ የሚፈልግ ሰው አይናገርም።

ቀጥሎ ድንጋዮቹ መስኮቱ ላይ እንደ በርበሬ ተሰጡ። አሥራ ስምንት ሰው ተሰልፈን ሁለት ድንጋይ ፀሐይ እስኪሞቁ ጠበቅን። ጥላ ሲደርስባቸው ጥበቃው መጥቶ ገፋ አደረጋቸው። አንድ አባት «ገልብጧቸው እንጂ፣ አንድ ጎናቸው ብቻ እኮ ነው የሞቀው» አሉ። ተገለበጡ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ተመልሰው ሲገቡ ኪቦርዱ አንድ «ሀ» ጻፈና ተኛ። የቀረው የግድግዳው ሰዓት ነበር። ባለሙያችን ወንበር ላይ ወጥቶ የሰዓቱን ድንጋይ ነቀለ፤ አሮጌው ከሌላ አሮጌ ጋር ተዳረ። ሰዓቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ቀጥ አለ። የሻይ ሰዓት! እንግዲህ እዚያ ቢሮ ሁልጊዜ የሻይ ሰዓት ነው፤ ቀና ብሎ ያየ ሁሉ በሕጋዊ መንገድ ይወጣል።

ምክሩም በነጻ ነበር። «ቫይረስ ነው» አለ አንዱ። «ፎርማት ይደረግ» አለ ሌላው። ፎርማትማ የማያድነው የለም፤ ድንጋይ ቢያልቅ ፎርማት፣ መብራት ቢጠፋ ፎርማት። ሦስተኛዋ ስልኳን ወደ ጣሪያው ከፍ አድርጋ «ኔትወርኩ ነው» አለች። ለኪቦርድ!

ከኋላዬ አንዲት እናት ነበሩ። ከሩቅ ነው የመጡት፣ ለሦስተኛ ጊዜ። «ዛሬም አይሆንም፣ ነገ ይመለሱ» ተባሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እዚህ ላይ ሽሙጡ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። የሰው ቀን እንዲህ ይጣላል? ለስብሰባ ሲሆን የታሸገ ውኃ በካርቶን ይገዛል፤ ለሁለት ድንጋይ ግን በጀት የለም! ማንም አላፈረም። እኔም ቆሜ ሳይ ነበር።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ዩኒፎርም የለበሰች አንዲት ተማሪ ከሰልፉ ወጥታ ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከች። ሲፒዩው ብረት ካቢኔ ውስጥ ተሸጉጧል። የኪቦርዱን ሲግናል የምትቀበለው፣ ጥፍር የምታህለው ሪሲቨር ከጀርባው፣ ሰማያዊዋ ዩኤስቢ ላይ፣ ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ጎን ተሰክታለች። ኪቦርዱ የሚያወራው በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ነው፤ ዋይፋይና ብሉቱዝም እዚያው ሰፈር ናቸው። ዩኤስቢ 3.0 (ሰማያዊዋ ማለት ነው) ደግሞ ዳታ ሲያመላልስ እዚያው ሞገድ ላይ ይንጫጫል፤ የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪው ኢንቴል ይህንን በ2012 (እ.ኤ.አ.) ጽፎ አውጥቶታል። በዚያ ላይ ብረቱ ሞገዱን ይከልላል። ልጅቷ ሪሲቨሯን ነቅላ ከፊት በኩል፣ ጥቁሯ ዩኤስቢ ላይ ሰካቻት። በዚያችው ቅጽበት ባለሙያችን አራተኛውን ጥፊ አሳረፈ።

ኪቦርዱ ሠራ።

«አያችሁ?» አለ መዳፉን እያራገፈ። «መምታት ነው እንጂ!» ሰልፉ አጨበጨበ። ልጅቷ የጉልበቷን አቧራ አራግፋ ስትመለስ ቦታዋን ሌላ ሰው ይዞታል። እናትየዋ ያኔ ታክሲ ተራ ደርሰው ይሆናል።

ደብዳቤዬ ታተመ፣ ማኅተም አረፈበት። በር ላይ ቆሜ ሳነበው «በላ» ይላል። ተመልሼ ገባሁ። ባለሙያችን ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ።

«ሻይ ሰዓት ነው» አለኝ።