ማስተካከያ፦ በሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ ስለሚጻፈው የምሽት ሰዓት

ለራት ብቻ ለሚጠሩ እንግዶች ስለሚላክ የሠርግ ጥሪ ካርድ ባለፈው በጻፍሁት ላይ፣ «ከምሽቱ 1 ሰዓት» የሚለው በእንግሊዝኛው ገጽ 6 ፒኤም ተብሎ ይጻፍ ማለቴ ስህተት ነበር። ሁለቱን የሰዓት አቆጣጠሮች አስተያይቼ እንዳረጋገጥሁት፣ የእኛ የምሽቱ 1 ሰዓት በውጭው 7 ፒኤም ሲሆን፣ 6 ፒኤም የሚባለው የእኛ 12 ሰዓት ነው።

በዚያ ምክር ካርድ ያሳተመ ሰው ከውጭ የሚመጡ እንግዶቹ አንድ ሰዓት ቀድመው፣ ምናልባትም አዳራሹ ሳይከፈት ሊደርሱበት ስለሚችሉ፣ ትክክለኛውን ሰዓት በስልክ ቢያሳውቃቸው ይበቃል፤ እንደገና ማሳተም አስፈላጊ አይመስለኝም። ገና ያላሳተመ ግን ከአማርኛው ሰዓት አጠገብ «በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር» የሚለውን ይጨምር። «የራት ግብዣ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ ያልሁት፣ ለምሳ ያልተጠራ እንግዳ በቀትር እንዳይመጣ ስለሚረዳ፣ አልተለወጠም።