የህንድ ውቅያኖስ ትንበያ የኢትዮጵያም ጉዳይ ነው

የወቅት የአየር ትንበያ በወጣ ቁጥር ለዝናብ መኖር አመቺ የሆኑ የሚቲዎሮሎጂ ክስተቶች እየተጠናከሩ እንደሚሄዱ ወይም እየተዳከሙ እንደሚመጡ ይነገረናል። ክስተቶቹ ምን እንደሆኑና የት እንደሚጠናከሩ ግን በዜና እወጃው ላይ እምብዛም አይሰማም። ስለ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ የምንጠይቅ ከሆነ መልሱ በአብዛኛው ከድንበራችን ውጭ፣ ከሶማሊያ ጠረፍ እስከ ኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት በተዘረጋው ሞቃታማ ውቅያኖስ ላይ ይገኛል። የባሕር በር ስለሌለን የባሕር የአየር ሁኔታን የሌሎች አገሮች ዜና አድርገን መስማት ለምደናል። ይህ ልማድ በተደጋጋሚ ዋጋ አስከፍሎናል ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ በሳይንሱ ዓለም አዲስ አይደለም። የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊና ምሥራቃዊ ክፍሎች የሙቀት መጠን እንደ ሚዛን አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርድበት ጊዜ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1999 በግልጽ ከተብራራ ወዲህ ክስተቱ የህንድ ውቅያኖስ ዳይፖል በሚል ስም ይታወቃል። ምዕራቡ፣ ማለትም ወደ እኛ የቀረበው ክፍል፣ ከወትሮው ሲሞቅና በሱማትራ ዳርቻ ያለው ውኃ ሲቀዘቅዝ ዳይፖሉ አዎንታዊ ነው ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ዝናብ ይጠበቃል። ሙቀቱ በተቃራኒው ሲሆን ደመናው ወደ ኢንዶኔዥያ ይሸሻል፤ የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር «ደይር» የሚለው ዝናብም ይቀርበታል። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2019 የታዩት ጠንካራ አዎንታዊ ዳይፖሎች በአካባቢያችን ከባድ ጎርፍ አስከትለዋል። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1961 የጣለው ዝናብ የቪክቶሪያን ሐይቅ ከፍታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ2 ሜትር በላይ እንዲጨምር አድርጎታል።

እዚህ ላይ በመገናኛ ብዙኃን ዘወትር የሚደበላለቅ አንድ ነገር አለ። ኤልኒኞ፣ ማለትም የፓሲፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው መሞቅ፣ በተባለ ቁጥር ድርቅ መጣ ማለት ይቀናናል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የክረምቱ ዝናብ በሰሜንና በምሥራቅ በመጥፋቱ ሚሊዮኖች ለዕለት ደራሽ እርዳታ የተጋለጡበትን ዓመት ስናስታውስ ይህ ማለታችን አይገርምም። ይሁን እንጂ ያው ኤልኒኞ በመኸር መጨረሻ ላይ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ የአገሪቱ ክፍሎች ዝናብን የማብዛት ዝንባሌ አለው፤ ከአዎንታዊ ዳይፖል ጋር ሲገጣጠም ደግሞ ውጤቱ ይበረታል። ስለዚህ በአንድ ዓመት፣ በአንድ የውቅያኖስ ክስተት ምክንያት፣ የትግራይ ገበሬ በክረምት ድርቅ ሲመታው በዋቢ ሸበሌ ዳር ያለችው የቀላፎ ነዋሪ በኅዳር ቤቱን ጎርፍ ሊወስድበት ይችላል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት መግለጫ አንብቦ ማለፍ ሁለቱንም ሳያስጠነቅቁ እንደመቅረት ነው።

ይህንን እ.ኤ.አ. በ2023 በተግባር አይተነዋል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የኤልኒኞ ተቃራኒ የሆነው ላኒና ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በመቆየቱ በሶማሌ ክልል፣ በቦረናና በአጎራባች አካባቢዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የከብቱ ሬሳ በየመንገዱ ዳር ተከምሮ ነበር። ከዚያ ነፋሱ ዞረ። ናይሮቢ የሚገኘው የቀጣናው የአየር ንብረት ማዕከል ኢክፓክ ኤልኒኞና አዎንታዊ ዳይፖል አንድ ላይ እየመጡ በመሆናቸው ከወትሮው የበለጠ ዝናብ እንደሚጠበቅ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት በነሐሴ አስታወቀ። በኅዳርም የዋቢ ሸበሌ፣ የገናሌና የዳዋ ወንዞች ሞልተው ዶሎ አዶን ጨምሮ በርካታ ወረዳዎችን አጥለቀለቁ። ከድርቁ ተርፎ ጥቂት ፍየል የቀረው ሰው እርሷንም በጎርፍ አጣ። ትንበያው ነበረ፤ ከናይሮቢ ወደ አዲስ አበባም ደርሷል። ከዚያ ወንዝ ዳር እስካለው ጎጆ ድረስ ያለውን መንገድ በሚገባው ፍጥነትና ግልጽነት ተጉዟል ብሎ የሚከራከር ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ስለ ሳይክሎን ሲነሳ ብዙ ሰው «እሱስ እኛ ጋ አይደርስም» ይላል። ነፋሱ በእርግጥ አይደርስም፤ የሞቀ ባሕር የሚመግበው አውሎ ነፋስ ወደ የብስ ሲገባ ኃይሉን ያጣል። ቢሆንም መዘዙ ድንበር አያውቅም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 መኩኑ የተባለው ሳይክሎን በኦማን ሳላላህ አካባቢ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ደግሞ ሉባን የተባለው በምሥራቅ የመን የብስ ገቡ። ሩብ አልኻሊ በሚባለው ሰው አልባ በረሃ ውስጥ፣ በአሸዋ ክምሮች መካከል፣ ሐይቆች ተፈጠሩ። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው በረጠበ አሸዋ ውስጥ ስለሆነ ቦታው ምቹ መራቢያ ሆነለት። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እንዳስረዳው አንበጣው ማንም ሳያየው በዘጠኝ ወራት ውስጥ ሦስት ትውልድ ተራብቶ ቁጥሩ ወደ 8,000 እጥፍ አደገ። ከዚያ ወደ የመን፣ ከየመን ባሕሩን ተሻግሮ በ2019 ወደ ሶማሊያና ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በታኅሣሥ 2019 ፓዋን የተባለ ሌላ ሳይክሎን ሶማሊያን ሲያረጥብ ደግሞ አዲስ መራቢያ አገኘ። በኢትዮጵያና በሶማሊያ በ25 ዓመታት ውስጥ ታይቶ የማያውቅ የተባለው ወረራ፣ የራያና የሐረርጌ ገበሬ በጅራፍና በቆርቆሮ ድምፅ ሊያባርረው የደከመው መንጋ፣ መነሻው የዓረብ ባሕር ላይ የተፈጠረ አውሎ ነፋስ ነበር። በግንቦት 2018 የሳላላህን ዜና የሰማ የግብርና ባለሙያ በሚቀጥለው ዓመት ሊመጣ የሚችለውን አስቀድሞ የሚጠይቅበት አሠራር ቢኖር ኖሮ ዝግጅቱ በወራት በቀደመ ነበር።

በዚያው የግንቦት ወር ሳጋር የተባለው ሳይክሎን የኤደን ባሕረ ሰላጤን ይዞ ወደ ምዕራብ ዘልቆ ለጅቡቲ ቅርብ በሆነ የሶማሌላንድ ጠረፍ ላይ አረፈ፤ በሰሜን ህንድ ውቅያኖስ ታሪክ ይህን ያህል ወደ ምዕራብ የዘለቀ ሌላ ሳይክሎን አልተመዘገበም። ጅቡቲ ከተማን ጎርፍ አጥለቀለቃት። ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያች ከተማ ወደብ በኩል መሆኑን ለአንባቢ ማስታወስ አያስፈልግም።

ትንበያው ራሱ የማይሳሳት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። የአውሎ ነፋስን አቅጣጫ የመተንበይ ችሎታ ባለፉት አሥርት ዓመታት በእጅጉ ተሻሽሏል፤ ጥንካሬውን መተንበይ ግን አሁንም ፈታኝ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የሜክሲኮዋን አካፑልኮ ያወደመው ኦቲስ በአንድ ቀን ውስጥ ከመካከለኛ ማዕበል ወደ መጨረሻው አምስተኛ ደረጃ ሲደርስ በመሣሪያም ሆነ በልምድ ከዓለም ቀዳሚ የሆኑት የአሜሪካ ትንበያ ባለሙያዎች አስቀድመው አላዩትም። በኅዳር 2020 ሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያን የመታው ጋቲም እንዲሁ በሰዓታት ውስጥ ተጠናክሮ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚነፍስ ነፋስ ራስ ሐፉን አጠገብ የብስ ገባ፤ በአገሪቱ ታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ ብርቱው ነው። ጋቲ በስፋቱ ትንሽ ነበር፤ ትናንሽ ማዕበሎች ደግሞ ትንበያውን በሚያሰሉት የኮምፒውተር ሞዴሎች መረብ ውስጥ ሾልከው ያመልጣሉ።

በእኛ በኩል ያለው ባሕር ሌላም ችግር አለበት። የውኃውን ሙቀት፣ የነፋሱንና የሞገዱን ሁኔታ የሚለኩ መልሕቅ የተጣለላቸው ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በህንድ ውቅያኖስ ላይ መተከል ሲጀምሩ ከሶማሊያ ጠረፍ ባሻገር ያለው ክፍል በባሕር ላይ ውንብድና ምክንያት ለዓመታት ወደ ኋላ ቀርቷል። ነጋዴ መርከቦችም አካባቢውን ስለሸሹ ቀድሞ ከመርከብ ላይ ይገኝ የነበረው የነፋስ ልኬት ቀነሰ። ሳተላይት ብዙውን ክፍተት ይሞላል፤ ውኃው ከገጹ በታች ምን ያህል እንደሞቀ ግን ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም፣ ሳይክሎንን የሚመግበው ደግሞ ያ ሙቀት ነው።

እርግጠኛ አለመሆን ግን ዝም ለማለት ምክንያት አይሆንም። የህንድ ኦዲሻ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1999 በደረሰባት ሳይክሎን ወደ 10,000 ሰው አጥታለች። ከ14 ዓመት በኋላ ፋይሊን የተባለው ብርቱ ሳይክሎን በዚያው ጠረፍ ሲመጣ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አስቀድሞ ከቤቱ እንዲወጣ ተደረገ፤ የሞቱት በአሥራዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ባሕሩ አልተለወጠም። የተለወጠው መጠለያዎቹ ቀድመው መሠራታቸው፣ ማስጠንቀቂያው በየመንደሩ በቋንቋው መነገሩ፣ ትንበያው ሊስት እንደሚችል እየታወቀም ሰው እንዲነሳ የሚያዝ ባለሥልጣን መኖሩ ነው።

በእኛ አገር ትንበያ ሲነገር የመጀመሪያው ተጎጂ የዕድሉ መጠን ነው። የወቅት ትንበያ ተሠርቶ ሲያልቅ የሚሰጠው ለምሳሌ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ፣ መደበኛ የመሆን 35፣ ከመደበኛ በታች የመሆን 20 በመቶ በሚል መልክ ነው። ምንም መረጃ ባይኖር ሦስቱም 33 በመቶ ገደማ ይሆኑ ስለነበር 45 ትርጉም ያለው ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ከአምስት ዓመት በአንዱ ዝናቡ ሊያንስ እንደሚችልም በግልጽ ይናገራል። በዜና ላይ ሲደርስ «ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይኖራል» ተብሎ ያልቃል። ያ አንዱ ዓመት ሲመጣ ገበሬው ሚቲዎሮሎጂ ዋሸ ይላል፣ ቀጣዩንም ማስጠንቀቂያ አይሰማም። ገበሬና አርብቶ አደር በመቶኛ የተነገረውን አይረዳም የሚለው ክርክር ለእኔ ንቀት ይመስለኛል። ከብት ከመሸጥና ከማቆየት መካከል ዕድሜውን ሙሉ ሲመርጥ የኖረ ሰው ዕድልን ከእኛ ከከተሜዎቹ የተሻለ ያሰላል።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች የውቅያኖሶቹን ሁኔታ እንደሚከታተሉ፣ በቀጣናው የትንበያ ጉባኤዎችም እንደሚሳተፉ ይታወቃል። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ሳይንስ አይደለም። በየወቅቱ መግለጫ መግቢያ ላይ የህንድና የፓሲፊክ ውቅያኖሶች ሁኔታ በሁለት አንቀጽ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ይጻፍ፤ የዕድሉ መጠንም ሳይሸራረፍ ለሕዝብ ይድረስ። የክልልና የወረዳ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ቢሮዎች ዕድሉ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ያለ ተጨማሪ ስብሰባ የሚለቀቅ በጀት፣ ለመኖም ይሁን ለጀልባ፣ አስቀድመው ይያዝላቸው። በዓረብ ባሕር ሳይክሎን ሲነሳ ኒው ዴልሂ ካለው የሰሜን ህንድ ውቅያኖስ የሳይክሎን ትንበያ ማዕከል የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ለግብርና ሚኒስቴርና ለሎጂስቲክስ ተቋማት በዕለቱ ይተላለፍ። ከሁሉ በፊት ግን ቀላሉና ወጪ የሌለው ነገር ይደረግ፤ የሚቀጥለው የጥቅምት–ታኅሣሥ ትንበያ ሲወጣ ባለፈው ዓመት በዚያው ወቅት የተነገረው ትንበያና በኋላ የጣለው የዝናብ መጠን ከጎኑ በአንድ ሠንጠረዥ ይታተም።