የአባታችን ቮልስ በአንድ አሥረኛ መጠን

ሳንድ ስኮርቸር የምትባል፣ በሬዲዮ የምትነዳ መጫወቻ መኪና እየጠበቅሁ ነው። ተበታትና በሣጥን ትመጣለች፤ የሚገጣጥማት ገዢው ነው። የጃፓኑ ታሚያ መጀመሪያ ያወጣት እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን ከገበያ ጠፍታ ኖራ በ2010 እንደገና ወጣች። ያኔ ጀርመን ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ እጄ አጥሮ አመለጠችኝ። አሁንም ትመለሳለች ብዬ ተስፋ አልቆረጥሁም፤ የፋብሪካው አዲስ ዝርዝር በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው የእሷን ስም ነው። በዚህ ዕድሜህ መጫወቻ ምን ያደርግልሃል ለሚሉኝ ወዳጆቼ መልሴ አጭር ነው። ይህች መጫወቻ ቮልስ ናት።

ቮልስ ስላችሁ ምን እንደታያችሁ አውቃለሁ፤ እኔም የማየው ያንኑ ነው። ድምፁን ከመንገዱ መታጠፊያ ሰምተን በር ልንከፍት የምንሮጥለት የአባታችን ቮልስ።

ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ ጠራኝ። በ2010 ገዝቶ ሳይከፍታት ያስቀመጣት ሣጥን ነበረችው፤ ያን ቀን ከልጁ ጋር ሊገጣጥማት ተነሣ። ብሎኖቹ በየዓይነታቸው በትንንሽ ከረጢቶች ታሽገዋል። መመሪያው ላይ የእያንዳንዱ ብሎን ሥዕል በእውነተኛ መጠኑ ታትሟል። የአሥር ዓመቷ ልጅ አንድ ብሎን አነሣችና ሥዕሉ ላይ አስተኛችው። ከአናቱ እስከ ጫፉ ልክክ አለ። ሌላ አነሣች፤ አጠረባት፤ ወደ ከረጢቱ መልሳ ሦስተኛውን ሞከረች። አባቷንም እኔንም ምንም አልጠየቀችም። እኔ ግን አንጀቴ ተላወሰ።

የፊት እግሩን ሲገጥሙ ደግሞ ጭራሽ ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። እውነተኛው ቮልስ ከፊት እንደ ብዙዎቹ መኪኖች በጥቅል ሞላ አይደለም የሚቆመው፤ በሁለት አግድም ቱቦዎች ውስጥ ያለፈ ብረት እየተጠመዘዘ ነው የመንገዱን ጉድጓድ የሚውጠው። መጫወቻዋም እንደዚያው ናት! ክንዶቿ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረታ ብረት የተሠሩ፣ ብረቷም የሚጠመዘዝ ነው። ፓራፋንጎዋ ተቆርጧል፤ ሞተሩ ከኋላ ገላጣ ሆኖ ይታያል። የሜክሲኮን የባሃ በረሃ ለሚያቋርጠው፣ ከ1967 ጀምሮ ለሚካሄደው ውድድር ሰዎች ቮልሳቸውን እንዲህ ነበር የሚያዘጋጁት። የሬዲዮ መቀበያው ውኃና አሸዋ እንዳይገባበት በሚያሳይ ፕላስቲክ ሣጥን ተከድኗል። ይህን ያወጣ ሰው ቮልስን ከሥሩ ተኝቶ አይቶታል።

ታሚያዎች ሥራቸው እንዲህ ነው። በ1976 ያወጧትን የመጀመሪያዋን የሬዲዮ መኪናቸውን ፖርሽ 934ን ለመሥራት ሲነሡ እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝተው ፈታቷት። ፈትተው ለኩ፤ ለክተው ሣሉ። መኪና መፍታት ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ የአባታችን ቮልስ ስንት ጊዜ እንደተፈታች ቆጥሬ አልጨርሰውም።

የሚፈቷት ጋሼ ሜካኒኩ ነበሩ። ካቻቢቴያቸውን ሞተሩ ላይ ተክለው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከአራቱ ሲሊንደሮች የታመመው የትኛው እንደሆነ ለይተው ይናገራሉ። የቮልስ ቫልቮላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈልጋል፤ እሳቸው ያንን በጣታቸው ነቅነቅ አድርገው ያውቁታል። ያለቀ ዕቃ ሲገጥማቸው ከሌላ መኪና ላይ አውጥተው፣ ሞርደው፣ አስተካክለው ያስገቡታል። ጀርመን ስኖር እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም፤ ይህን የምለው ለአገሬ ሰው አድልቼ አይደለም።

ሲሞቱ ግን ልጃቸው የአባቱን መፍቻዎች ወረሰ እንጂ አንድ መስመር የተጻፈ ነገር አላገኘም። የትኛው ዕቃ ከየትኛው መኪና እንደሚስማማ፣ ስንት እንደሚሞረድ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚገባ ሁሉም በጋሼ ራስ ውስጥ ነበር። የአባታችን ቮልስ የፊት ብረቷ ሲሰበር የሚጠግናት ጠፍቶ ግቢ ውስጥ ቆመች። ቆማ ዛገች፤ በመጨረሻም በኪሎ ተመዝና ሄደች። እኔ ይህን የሰማሁት በስልክ ነው፣ ከሄደች ከሁለት ሳምንት በኋላ።

ጃፓኖቹ አንድ ፖርሽ ፈትተው ያን ሁሉ ወረቀት አወጡ። እኛ ቤት ቮልስ በተፈታ ቁጥር ባትሪ ይዤ የማበራላቸው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ሥዕል ጎበዝ የምባል ልጅ ነበርኩ፤ ደብተሬም እርሳሴም እዚያው ቤት ውስጥ ነበሩ። ገብቼ አላመጣኋቸውም። አምጣ ያለኝም የለም።

መጫወቻዋ ስትመጣ የምቀባት በአባታችን ቮልስ ቀለም ነው። ቅርፊቷ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራና ባለቤቱ የሚቀባው ነው፤ መመሪያው የሚረጨውን ቀለም ከነቁጥሩ ይነግራል። እኔ የምፈልገውን ቀለም ቁጥር ግን ማን ይንገረኝ? እህቴን ጠየቅኋት፤ የሰማይ ዓይነት ፈዘዝ ያለ ነው አለች። ወንድሜ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው ብሎ ሊጣላኝ ደረሰ። እናታችን እንደገዛናት ነጭ ነበረች፣ በኋላ ነው የተቀባችው ትላለች። ፎቶግራፍ አለን፣ አንድ። አባታችን በሩ ላይ ተደግፎ የተነሣው፣ ጥቁርና ነጭ ነው።

ወንድሜ መሳቢያ ሲበረብር የሊብሬዋን ፎቶ ኮፒ አግኝቶ ትናንት ላከልኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ከፈትኩት። የሻንሲ ቁጥሯ አለ፣ የሞተር ቁጥሯ አለ፣ የአባታችን ስም ከነአያቱ አለ። ቀለም የሚለው ቦታ ላይ በቀጭን የእጅ ጽሕፈት «ሰማያዊ» ተብሎ ተጽፏል።

ሠላሳ ዓይነት ሰማያዊ በቁጥር የተደረደረበትን የቀለም ሠንጠረዥ ለእህቴ ልኬላታለሁ። እናታችንን መስኮት አጠገብ አስቀምጣ፣ ጠዋት በጥሩ ብርሃን እንድታሳያት ነግሬያታለሁ።